የጃንጎ መቶ ረድፎች

ብዙ መረጃን ገጽ በገጽ ከፋፍሎ ማሳየት ለለመደ ፕሮግራመር ቀላል ሥራ ነው። የሚከብደው እያንዳንዱ ረድፍ የሚታረም ፎርም ሲሆን ነው። የሚነበብ ገጽ ተዛብቶ ቢመጣ እንደገና መክፈት ይበቃል። ታርሞ የሚላክ ገጽ ሲዛባ ግን የአንዱ ዕቃ ዋጋ በሌላው ዕቃ ላይ ይጻፋል፤ ስሕተቱም ማንም ሳያየው ዳታቤዙ ውስጥ ይቀመጣል።

ይህን ነገር ተጠንቅቆ የሠራ እጅ ማየት የሚፈልግ የጃንጎን አስተዳዳሪ ገጽ ኮድ ይክፈት። ጃንጎ በአሜሪካ ካንሳስ፣ በሎረንስ ከተማ ጋዜጣ ቤት ውስጥ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሕዝብ የተለቀቀ፣ በፓይተን የተጻፈ የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። አብሮት የሚመጣው አስተዳዳሪ ገጽ መረጃውን በሠንጠረዥ ይዘረዝራል፤ «ሊስት ኤዲተብል» የሚባለው አማራጭ ሲሞላለት ሠንጠረዡ እዚያው በቦታው ይታረማል። ፕሮግራመሩ ካልቀየረው በቀር በአንድ ገጽ 100 ረድፍ ያሳያል።

4,000 ዕቃ ያለው መደብር እናስብ። ሠራተኛዋ ሦስተኛውን ገጽ ከፍታ ዋጋ ስታርም ባልደረባዋ በሌላ ኮምፒውተር 5 አዳዲስ ዕቃዎች አስገባ። ዝርዝሩ አዲሱን የሚያስቀድም ስለሆነ ሁሉም ረድፍ አምስት ቦታ ወደ ታች ወረደ። በገጹ ሰባተኛ ቦታ ላይ አሁን ያለው ቀድሞ ሁለተኛ የነበረው ዕቃ ነው፤ የመጨረሻዎቹ አምስት ደግሞ ወደ አራተኛው ገጽ አልፈዋል። ሠራተኛዋ ይህን አታውቅም፣ ማወቅም የለባትም። ጃንጎ ከእያንዳንዱ ረድፍ ጋር የዕቃውን መለያ ቁጥር በተደበቀ ፊልድ አያይዞ ልኮላታል። «አስቀምጥ» ስትል ኮዱ ከተላከው ውስጥ መለያዎቹን ብቻ ለቅሞ እነዚያኑ ዕቃዎች ከዳታቤዝ ይጠራል። ገጹ ስንተኛ እንደነበረ፣ ረድፉ የት እንደቆመ አይጠይቅም። ወደ አራተኛው ገጽ የወረዱት አምስቱም ዕርማታቸውን ያገኛሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። መለያዎቹ ከተጠቃሚው ብራውዘር ተመልሰው የሚመጡ ስለሆኑ ሰው ሊነካካቸው ይችላል። ስለዚህ ኮዱ እያንዳንዱን ይፈትሻል፤ አንዱ እንኳ መለያ መሆን የማይችል ሆኖ ከተገኘ የተላኩትን ዕቃዎች ብቻ የመጥራቱን አቋራጭ ትቶ ወደ ሙሉው ዝርዝር ይመለሳል፣ ማጣራቱንም ለተለመደው የፎርም ፍተሻ ይተወዋል። ፍጥነት ለማግኘት የተጻፈ ኮድ ፍጥነቱን መቼ መተው እንዳለበት ሲያውቅ ሠሪው አስቦበታል ማለት ነው።

ቅደም ተከተሉም እንዲሁ ታስቦበታል። ሠንጠረዡ በዋጋ ቢደረደርና ሠላሳ ዕቃዎች እኩል 50 ብር ቢሆኑ፣ ዳታቤዙ እነዚያን በፈለገው ተራ የመስጠት ነፃነት አለው። አንዱ ዕቃ በሁለተኛውም በሦስተኛውም ገጽ ሊታይ፣ ሌላው በየትኛውም ላይ ላይገኝ ይችላል። አስተዳዳሪ ገጹ የተሰጠው አደራደር ሁሉንም ረድፍ የማይለይ መሆኑን ካየ በመጨረሻ የመለያ ቁጥርን ራሱ ይጨምርበታል።

የገጹ መጠን ዝም ብሎ የምቾት ጉዳይ እንዳልሆነ ደግሞ ቁጥሩ ያሳያል። ጃንጎ በአንድ ጊዜ ከ1,000 በላይ ፊልድ ከተላከለት ጥያቄውን አይቀበልም፤ ሰርቨርን በማጨናነቅ ከሚደረግ ጥቃት መከላከያ ነው። 100 ረድፍ እያንዳንዳቸው 9 የሚታረም ፊልድና አንድ የተደበቀ መለያ ቢይዙ 1,000 ሞላ። የፎርሞቹን ብዛት የሚቆጥሩት ተጨማሪ ፊልዶች ሲደርሱ ወሰኑ ታለፈ። በአንድ ገጽ የሚታረመው ከበዛ ረድፉን መቀነስ ነው እንጂ ወሰኑን ለማንሳት መቸኮል አይገባም።

አንድ ነገር ግን ይቀረዋል። ጃንጎ የሚያስቀምጠው የተለወጠውን ረድፍ ብቻ ነው፤ መለወጡን የሚያውቀው ግን የተላከውን በዚያ ሰዓት ዳታቤዝ ውስጥ ካለው ጋር አስተያይቶ ነው። ባልደረባው በመሃል የአንዱን ዕቃ ዋጋ ከ50 ወደ 60 ብር ቢያወጣው፣ በሠራተኛዋ ገጽ ላይ ሳይነካ የቆየው 50 «ተለውጧል» ተብሎ ይቆጠርና የባልደረባውን ዕርማት ያጠፋል። መፍትሔው እዚያው ጃንጎ ውስጥ አለ፣ ብዙ ሰው ግን አያስታውሰውም፦ የፎርም ፊልድ «ሾው ሂደን ኢኒሻል» የሚባል ምርጫ አለው። ሲከፈት ሠራተኛዋ መጀመሪያ ያየችው ዋጋ በተደበቀ ፊልድ አብሮ ይሄዳል፤ ንጽጽሩ ከእሱ ጋር ይሆናል፤ ያልነካችው ረድፍም አይጻፍም።