«ፍቅር እስከ መቃብር» በጆሮና በዓይን

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በ2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በተከታታይ ድራማ ለዓይን ቀረበ። እኛ በንፋስ መውጫ ያደግን ግን ታሪኩን አስቀድመን የተቀበልነው ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው በጆሮ ነውና፣ የሰብለ ወንጌልን መልክ እያንዳንዱ ሰሚ በልቡ ይሥል ነበር። ድራማው ለሁሉ አንድ መልክ ሰጠ። ጠባዩ ነውና በዚህ አይነቀፍም። ነገር ግን የመጽሐፉ ሰም የሁለቱ ፍቅር ሲሆን፣ ወርቁ የበዛብህ ስለት ነው፤ ወላጆቹ በልጅነቱ ከጋብቻ ለይተው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ ቅኔ ቢቀኝም የራሱን እስራት የሚፈታበት ቃል አጣ። ይህ የኅሊና ሙግት በተዋናይ መልክ ሁሉ አይገለጥም፤ ንባብ ይሻል። በልጅነት ለሰብለ ያለቀስን፣ ዛሬ ወላጆች ሆነን ስለ ስለቱ ልናስብ ይገባናል። እንግዲህ ድራማውን ለልጆቹ ያሳየ አባት መጽሐፉንም ያስነብባቸው።