እንስራውን ማን ሰበረው?

ቅኔ ከመቀኘት ቅኔ መፍታት ይቀላል የሚል ሰው ቢኖር፣ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከእርሱ ወገን ነበርሁ። ተቀኚው ይደክማል፣ ፈቺው ይቀምሳል ባይ ነበርሁ። ይህን እምነቴን ያስጣለኝ የሊቃውንት ጉባኤ አይደለም፤ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር የተለጠፉ ሁለት ስንኞች ናቸው።

ኮዬ ፈጬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የተዘረጋ የጋራ መኖሪያ ሰፈር ነው። ውሃ በጠፋ ሰሞን የሰው ጠባይ የሚታወቀው ደረጃ ላይ ነው። ጀሪካን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው ሰላምታው ያጥራል። እንዲህ ባለ ሳምንት፣ ነዋሪው በየፎቁ ሲተማማ፣ አንድ የሕንፃችን ወጣት ይህችን ለጠፈ፦

ቧንቧው ደርቆ ሳለ ምን ያደርጋል ሐሜት፣
እንስራ ይሻላል ለሕንፃው ሁሉ ቤት።

ከነዋሪዎች ኮሚቴ አንዱ ተቆጡ። «ቧንቧው ያለው ገንዘብ ያዡን ነው፤ ደርቆ ማለቱም መዋጮው ተበላ ለማለት ነው» አሉ። ወጣቱ በስብሰባ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። እኔም «አንተ ጸሐፊ ነህና ፍታው» ተብዬ ተጠራሁ።

ቆምሁና አነበብሁ፤ ፈታሁም። «ወርቁ ተባብረን እንሥራ የሚል ምክር ነው፤ የውሃው እንስራ መሸፈኛ ብቻ ነው» አልሁ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ የተማሩ፣ ሁላችን የኔታ የምንላቸው አዛውንት ግን ፈገግ አሉና፣ «ልጄ፣ እንስራውን እኮ ሰበርኸው» አሉኝ።

የኔታ ያሉት እንዲህ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ን» ሲላላ ሸክላው እንስራ ነው፤ ሲጠብቅ ግን ሥራ እንሥራ ይሆናል። ጠንቃቃ ጸሐፊ ሥራን በንጉሡ «ሠ» ይጽፋል፤ ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ስለማይጠብቅ ዓይን ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ያያቸዋል። አፍ ግን መምረጥ ግድ ይለዋል። እኔ «ን»ን አጥብቄ ሳነብ ገና ሳልፈታው መርጬ ነበር፤ እንስራው ከነውሃው ወደቀ። «ሁለት ጊዜ አንብበው» አሉኝ። «ደግሞስ ሰሙ መሸፈኛ ነው ያለህ ማነው? ዛሬ ጠዋት ውሃ ተሸክመህ አልወጣህምን?»

ወደ ተቆጡት ሰውም ዞሩና፣ «እርስዎስ ወደ ገንዘብ ያዡ የገቡት በየትኛው ቃል በር ነው?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረም። ይቅርታውም ቀረ።

ይህ ነገር በሌላው ዓለምም የታሰበበት ነው። በሣጥን ሣጥን ወደ ጎንና ወደ ታች የሚሞላው የቃላት እንቆቅልሽ እ.ኤ.አ. በ1913 በኒውዮርክ ጋዜጣ ላይ ወጣ። እንግሊዞች ወስደው ፍንጩን እንደ እኛ ሰምና ወርቅ አደረጉት፤ ላይ ላዩን ተራ ዓረፍተ ነገር፣ ውስጡ ሌላ። ዚመኔስ በሚል የብዕር ስም የታወቀው አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ደንቡን አጠበቀው። ፍንጩ የመልሱን ፍቺ እና ወደ መልሱ የሚያደርስ የቃል ጨዋታ ይኖረዋል፤ ሁለቱም በአንድ መልስ ይገናኛሉ። አሳሳች መሆን ይፈቀዳል፤ ያልተባለን ነገር እንደተባለ መቁጠር ግን አይፈቀድም። በዚያ ላይ ተሻጋሪዎቹ ፊደላት አሉ፤ የተሳሳተ መልስ ከጎረቤቱ ቃል ጋር ይጋጫል።

የእኛ ግጥም ሣጥን የለውም። የእኛ ሣጥን ጉባኤው ነበር። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፤ ሲያምርም «ይበል» ይባላል። በሁለት ቤት ከምትቆመው ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ያለ መምህር ጆሮ የሚያልፍ የለም። ዛሬ ግን ግጥሙ ወጥቶ ጉባኤው ቀርቷል። ስለዚህ እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ቂም ያመጣና «ወርቁ ይኸውላችሁ» ይላል። ገጣሚው ስለ ዝናብ ቢጽፍ ስለ መንግሥት ነው፣ ስለ ላም ቢጽፍ ስለ ብሔር ነው ይባላል።

ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ አማራ ባህል ለጻፈው መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» የሚል ርእስ ሰጥቶ፣ ቅኔውን ከአነጋገራችንና ከኑሮአችን ኅብርነት ጋር አያይዞታል። ትልቅ ሥራ ነው። እኛ ግን ከርእሱ የወሰድነው ጥርጣሬውን ብቻ ይመስለኛል። የሚነገር ሁሉ የሚደበቅ ነገር አለው ብለን፣ ሰሙን ለብቻው ማመን እንደ ሞኝነት ቆጠርነው።

እኛ ሐያስያንም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። ወርቁን አውጥተን ሰሙን የምንጥል ከሆነ ከተቆጡት ሰው የምንለየው በትሕትናችን ብቻ ነው። ስለዚህ ከአሁን ወዲያ ግጥም የሚፈታልኝን ሰው ሁለት ነገር እጠይቀዋለሁ። አንደኛ፣ የገባህበትን ቃል በጣትህ አሳየኝ። ሁለተኛ፣ ስትወጣ እንስራው እንደ ቆመ መሆኑን አረጋግጥ።

ወረቀቱ ዛሬም ከደረጃው ሥር አለ። ውሃ ይዤ በወጣሁ ቁጥር አነበዋለሁ፤ አንድ ጊዜ አላልቼ፣ አንድ ጊዜ አጥብቄ።