«ዳር ያዝ!»

በመንገዶቻችን ላይ እንደ «ዳር ያዝ!» ቀን ከሌት የሚደጋገም ትእዛዝ ያለ አይመስለኝም። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይለዋል። ረዳቱ የአይሱዙውን በር በመዳፉ እየደበደበ ይለዋል። ባለባጃጁ ደግሞ አፉን ማድከም ስለማይፈልግ በክላክስ ይለዋል። ትእዛዙ የሚሰጠው ለብስክሌተኛ ነው፤ ብስክሌተኛውም ይታዘዛል። ችግሩ ዳሩ ባዶ አለመሆኑ ነው። «ዳር ያዝ» ባዩ ራሱ መኪናውን አቁሞ ቀድሞ ይዞታል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን፣ «አንድ ዓረፍተ ነገር ስታነቡ መጀመሪያ ማን ለማን፣ የት ቆሞ እንደሚናገረው ጠይቁ» እላቸው ነበር። እስቲ ይህችንም ዓረፍተ ነገር እንዲሁ እናንብባት። ተናጋሪው መሀል ላይ ነው፤ ዳሩም የሱ ነው። ተደማጩ ግን መሀሉን ተከልክሎ፣ ዳሩን ተቀምቶ፣ ገና መንገድ እንዲለቅ ይታዘዛል። ታዲያ ወዴት ይሂድ? ይበር?

አዲስ ቅዳም ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን ዋና አስፋልት ይዛ የተዘረጋች ከተማ ናት። ለኛ የከተማችን መንገድ የሆነው ለሌላው አገር አቋራጭ ነው። አውቶቡሱም፣ ጭነቱም፣ ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ ለገበያ የሚነዳው አህያም የሚያልፈው በዚሁ ነው። የብስክሌተኛው መስመር ያው የአስፋልቱ ዳር ነው። ፋግታ ለኮማ በዲከረንስ ከሰሉ ስሙ የገነነ ወረዳ በመሆኑ፣ ዳሩ ለዓመታት ከሰል የሚጫንበት ሆኖ ኖሯል። የተረፈችውን ባጃጅና ሚኒባስ ይካፈሏታል። የገበያ ቀን ሲሆንማ አይነሳ!

ከገጠር ቀበሌ ደብተሩን ከኋላው አስሮ የሚመጣ ተማሪ አስቡ። ፊት ለፊቱ አንድ አይሱዙ ቆሟል። ሁለት ምርጫ አለው፤ ወርዶ ብስክሌቱን በጭቃ ውስጥ መግፋት፣ ወይም መኪናውን ዞሮ ወደ መሀል መውጣት። የአዊ ክረምት እንዴት እንደሆነ ለምናውቅ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ዩኒፎርም ለብሶ ለሚማር ልጅ ቀላል አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ ዕጣ እንደመጣል ነው። የቆመው መኪና ልጁን ከኋላ ከሚመጣው ይሸፍነዋልና፣ የአውቶቡሱ ሾፌር የሚያየው ድንገት ብቅ ሲል ነው። አንድ ነገር ከደረሰ ምን እንደምንል ደግሞ ይታወቃል፤ «ልጁ መሀል ገብቶ ነው!»

ሾፌሩን ብትጠይቁት መልሱ አንድ ነው፤ «አንድ ደቂቃ ብቻ እኮ ነው!» በዚች አንድ ደቂቃ ሻይ ይጠጣል፣ ጎማ ይነፋል፣ ጭነት ይጫናል፣ ወሬ ይወራል። እሱ ሲነሳ ሌላው በራሱ አንድ ደቂቃ ይተካዋል። ዳሩ ቀኑን ሙሉ የሚዘጋው በዚህ አኳኋን ነው፤ ነገር ግን ዘጋሁት የሚል አንድ ሰው አታገኙም።

ለሾፌሩም እውነቱን እንስጠው። መጫኛና ማራገፊያ ቦታ ካልተለየለት ጭነቱን ተሸክሞ አያድርም። ይህ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው። ግን ቦታ ቢለይ ብቻ ይበቃል ወይ? አዲስ አበባን እንመልከት። አገር አቀፍ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ይፋ ሆኗል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ፣ ከቦሌ ወደ መገናኛና በሌሎችም መንገዶች የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። ይበል የሚያሰኝ ነው። ይሁንና ቀለሙ ላይ ፍሬቻውን አብርቶ የሚቆም፣ ተሳፋሪ የሚያወርድ፣ ዕቃ የሚያራግፍ መኪና አልጠፋም። ምክንያቱን ስትጠይቁ፣ «ባዶ ነው እኮ፤ ማን ይሄድበታል?» ይላችኋል። እሱ ስለቆመበት ሰው አይሄድበትም፤ ሰው ስለማይሄድበት ይቆምበታል።

እንግዲህ ነገሩ ከቀለምም ከቦታም ያልፋል፤ የማዕረግ ጉዳይ ነው። ብስክሌተኛን የምናየው ገና ሞተር ያልገዛ፣ «ሲያልፍለት የሚተወው» ሰው አድርገን ነው። በባሕር ዳር መምህሩም፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም፣ ተማሪውም በብስክሌት የሚሄድበት ዘመን ነበር፤ ማንም አላፈረበትም። ባጃጅ ሲበዛ ብስክሌት የድሃ ምልክት ተደረገ። የድሃ መንገድ ደግሞ እንደ ትርፍ ቦታ ይቆጠራል።

የሚገርመው ይህ በአዊ ምድር መሆኑ ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ጥር 23 በእንጅባራ ፈረሰኛው ሲወጣ ሕዝቡ መንገድ ይለቃል፣ እልል ይላል። ጋላቢን ማክበር ያወቅነው ዛሬ አይደለም። ለፈረሰኛው እልል ያለው አፍ ብስክሌተኛው ላይ ሲደርስ «ዞር በል!» የሚለው በምን ሒሳብ ነው?

«እነሱ ሆላንዶች ናቸው፣ ለምደውት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ሆላንዶችም ቢሆኑ ከብስክሌት ጋር አልተወለዱም። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በመንገዶቻቸው ከ3 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ በጻፈው ጽሑፍ «የሕፃናት ግድያ ይቁም» የሚል እንቅስቃሴ ተቀጣጠለ። በ1973 የነዳጅ ችግር መጣና ነገሩን አጠናከረው። ዛሬ የምናደንቀውን መስመር ያሠሩት ያዘኑ ወላጆች ናቸው። ነዳጅ የጠፋ ሰሞን የሰልፉን ርዝመት ላየነው ለኛ ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። እኛ ግን ሐዘኑን መጠበቅ የለብንም።

ለአዲስ ቅዳም የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ለጭነት መኪና ከዋናው መንገድ ወጣ ያለ ማቆሚያ፣ በገበያ ቀን ዳሩን የሚያስከብር ትራፊክ፣ በትምህርት ቤት መግቢያና መውጫ ሰዓት ደግሞ «አንድ ደቂቃ» የማትሠራበት ሕግ። ይህ ከተደረገ በኋላ ሾፌሩ ለዚያ ተማሪ «ዳር ያዝ!» ቢለው ቅር አይለኝም። ያኔ የሚይዘው ዳር ይኖረዋል።