ጥለቱን የሠራው ማነው?

በአዲስ አበባ በዓመት አንዴ ብቻ የሚከፈት፣ ትኬት የማይቆረጥበት፣ ካታሎግ የማይታተምለት፣ ሐያሲም የማይጽፍለት አንድ ትልቅ ኤግዚቢሽን አለ። የሚከፈተው በከተራ፣ ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቦታው ጃንሜዳ። ታቦታቱን አጅቦ የሚሄደውን ሕዝብ ልብ ብሎ ላየ ሰው ከመንፈሳዊው በዓል ጎን ለጎን ሌላም ነገር ይታየዋል። በቀሚስ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ጥለት፣ በመቀነት ላይ የተሰደረ መስቀል፣ በነጠላ ጠርዝ የሚሮጥ ቀለም። አምና ያልነበረ አጣጣል ዘንድሮ ብቅ ይላል። ካቻምና ሁሉም የተሻማበት ቀለም ዘንድሮ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያሉት እኮ ወደው አይደለም። ፋሽን ከባሕር ማዶ የመጣልን ለሚመስለን ሰዎች ጃንሜዳ በየዓመቱ መልስ ይሰጠናል።

ከጃንሜዳ ወጥቶ በእግሩ ጥቂት የተራመደ ሰው ስድስት ኪሎ ይደርሳል። እዚያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥበብ የሚታይበት ቤት አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማእከል ነው። ይህን ቤት ማቃለል አይቻልም። በጀርመን ቀርተው የነበሩ የገብረ ክርስቶስ ሥዕሎች ወደ አገራቸው ተመልሰው የገቡት እዚህ ነው። ዶክተር ኤልሳቤጥ ወልደጊዮርጊስ በኃላፊነት በነበሩበት ዘመን፣ በ2007 ዓ.ም. የኦላፉር ኤልያሶን ሥራዎች እዚህ ታይተዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ተወልዳ በዓለም ስሟ የገነነው ጁሊ ምሕረቱ ሥዕሎቿን ይዛ መጥታ በዚህ ቤት አሳይታለች። የዓለም ትልልቅ ሙዚየሞች የሚሻሟትን ሠዓሊ የስድስት ኪሎ ተማሪ ከካፌ ወጥቶ፣ መንገድ ተሻግሮ አያት ማለት ነው። ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ጎደለው? ትሉኝ ይሆናል። እኔን የሚከነክነኝ አንዲት ትንሽ ካርድ ናት።

በማንኛውም ሙዚየም ከሥዕሉ አጠገብ የምትለጠፈውን ካርድ ታውቋታላችሁ። የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርዕስ፣ ዓመቱ፣ የተሠራበት ነገር። አራት መስመር ብትሆን ነው። ነገር ግን ይህች ካርድ ትልቅ ነገር ትናገራለች። «ይህን የሠራው እገሌ የሚባል ሰው ነው፤ ቢያምርም ቢያስጠላም ተጠያቂው እሱ ነው» ትላለች። ከዚያ በኋላ ነው ሂስ የሚጀመረው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምላቸው ይህንኑ ነበር፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ሥራ ይወደሳል ወይም ይረሳል እንጂ አይተችም።

አሁን ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ወደ ጉለሌ እንውጣ። የአሜሪካን ኤምባሲ አልፎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ ሽሮ ሜዳ አለ። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ በዚህ መንገድ የሚያልፈው መኪና በዝቷል። ግራና ቀኙ የባህል ልብስ ሱቅ ነው፤ ነጩ በነጭ ላይ ተደርቦ ዓይን ያጠቁራል። ከሱቆቹ ጀርባ፣ በየጓሮውና በየጠባቡ ክፍል ግን ሸማኔው አለ። አብዛኛው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጣ፣ ወይም ከዚያ የመጡ አባትና አያት ልጅ ነው። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ መርገጫውን ተራ በተራ ይረግጣል፤ ድሩ ሲከፈት መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ ይበራል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ሥራው ይለወጣል። የድሩን ክር በጣቱ እየቆጠረ ያነሣና ባለቀለሙን ክር ያስገባል፤ ደግሞ ይቆጥራል፣ ደግሞ ያስገባል። ከፊቱ የተሰቀለ ወረቀት የለም። ንድፉ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ሸማኔዎች አንዱን፣ የሠራው ጥለት በምን እንደሚታወቅ ጠይቄው ነበር። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እኔ የምሠራው ለነጋዴዋ ነው። እሷ ለባለሱቁ ትሰጣለች፤ ባለሱቁ ለሙሽራዋ ይሸጣል። ሙሽራዋ ማን ሠራው ብላ ብትጠይቅ የሱቁን ስም ነው የሚነግሯት» አለኝ። ታች ስላለው ሙዚየምም አነሣሁበት። በሩን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ገብቶ ግን አያውቅም። «እዚያ የሚገባው ተማሪ ነው» ብሎ ወደ መወርወሪያው ተመለሰ።

ነገሩን የሚያስገርመው የገዛ ቋንቋችን ነው። አማርኛ ለሁለቱም ቤት ያለው ቃል አንድ ነው፤ ጥበብ። የገብረ ክርስቶስም ሥራ ጥበብ ነው፤ በቀሚስ ላይ የሚወርደውም «ጥበብ» ነው፤ «ጥበብ ቀሚስ» እንላለን። ጥበብ ያለው ሰው ጠቢብ ነው፤ ከንጉሥ ሰሎሞን ጋር የሚያስጠራ ማዕረግ። ይኸው ቃል ግን ትንሽ ተጣሞ «ጠይብ» ሲሆን ስድብ ይሆናል፤ ከሰውየው ጋር አብሮ መብላት ያስፈራል፣ ልጅ መዳር ያሳፍራል። አንድን ቃል ለሁለት ሰንጥቀን ግማሹን ለክብር ግማሹን ለንቀት ያደረግን ሕዝብ ነን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ እንዳይሰደብ አዋጅ ያስነገሩት ለዚህ ነው። አንጥረኛውን በሙያው፣ ሸማኔውን በሙያው፣ ጸሐፊውን ሳይቀር በሙያው እየሰደባችሁ አገር እንዴት ይሠራል ነው የአዋጁ ቁም ነገር። ስድቡ እንግዲህ እየቀነሰ መጣ እንበል። በስድቡ ምትክ ስም መጣ ወይ? አልመጣም። የመጣው «ባህላችን» የሚል የወል መጠሪያ ነው።

መቸም «የእኛ ጥበብ ድሮም ስም አይጽፍም» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን አብዛኞቹ ስማቸውን ሳይተዉልን አልፈዋል። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ደሴት በዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕል ላይ ስሙን በመተዉ እስከ ዛሬ በልዩነት ይነሣል። ግን ይህ ልማድ በሥዕል በኩል ተለውጧል። ለውጡን በአንድ ቤት ውስጥ ማየት ይቻላል። የገብረ ክርስቶስ አባት አለቃ ደስታ ነገዎ ሐረር ውስጥ የታወቁ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፤ የብራና መጽሐፍ በሐረግና በሥዕል ያስጌጡ ነበር። ልጃቸው ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና ሸራ ላይ ሣለ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1973 ዓ.ም. በስደት አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ሞተ። ዛሬ ሙዚየሙ በስሙ ይጠራል። በአንድ ትውልድ ውስጥ ሠዓሊው ባለስም ሆነ። ሸማኔው እዚያው ቀረ።

አንድ ነገር ልጨምር። ገብረ ክርስቶስ አብስትራክት ሥዕሎቹን ይዞ ብቅ ባለ ጊዜ ብዙ ተወቅሷል። ሥዕሉ አይገባም፣ የፈረንጅ ነው፣ ኢትዮጵያዊ አይደለም ተብሏል። ወቃሾቹ ምን ለብሰው ነበር ብዬ ሳስብ ሳቄ ይመጣል። ነጠላ ለብሰው ከነበረ በትከሻቸው ላይ የነበረው ጥለት አብስትራክት አልነበረም ወይ? ሰው የለበትም፣ ዛፍ የለበትም፣ ታሪክ አይተርክም። ማእዘን ከማእዘን፣ ቀለም ከቀለም ጋር የሚነጋገርበት ነው። አገሬው ከጥንት ጀምሮ አብስትራክት ሲለብስ ኖሮ ሸራ ላይ ሲያየው ባዕድ ሆነበት። ይህን ዝምድና አጉልቶ ሊያሳየን የሚገባው ሙዚየሙ ነበር። የገብረ ክርስቶስን አረንጓዴና ቀይ ከአንድ የሽሮ ሜዳ ኩታ ጎን አድርጎ ቢሰቅልልን ስንት ክርክር በተዘጋ!

«ሸማ ልብስ ነው፤ ልብስ ደግሞ ይለበሳል እንጂ አይሰቀልም» የሚለውን ሙግት አውቀዋለሁ። ይህን ሙግት ዓለም ቀደም ብሎ ጨርሶታል። በጀርመን ባውሃውስ ትምህርት ቤት ሴቶቹ ተማሪዎች በብዛት ወደ ሽመናው ክፍል ይገፉ ነበር፤ እንደ ዝቅተኛ ነገር ተቆጥሮ መሆኑ ነው። ከእነሱ አንዷ አኒ አልበርስ እ.ኤ.አ. በ1949 በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሽመና ሥራዎቿን ለብቻዋ አሳየች። የኛው ገብረ ክርስቶስ የተማረበት የኮሎኙ ቬርክሹሌም እደ ጥበብንና ሥዕልን በአንድ ጣራ ሥር ያስተምር የነበረ ቤት ነው። እዚሁ አዲስ አበባም ኤልያስ ስሜ በመርፌና በክር ሸራ እየጠቀመ፣ በኋላም የኮምፒውተር ሽቦ እየፈተለ ስሙን በዓለም አስጠርቷል። የሚገባው ነው። ግን እንጠይቅ፤ ክሩ ሸራ ላይ ሲያርፍ ጥበብ፣ ነጠላ ላይ ሲያርፍ የቱሪስት ዕቃ የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ልዩነቱ ክሩ ላይ አይደለም። ካርዷ ላይ ነው።

ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ። የእንጀራ ጉዳይ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጥለት የታተመበት ጨርቅ ከውጭ እየገባ ነው። የተሸመነ ሳይሆን የታተመ። ከሩቅ ሲያዩት ጥለት ነው፤ ሲዳስሱት ፕላስቲክ ይመስላል። ዋጋው ከሸማው ጋር አይወዳደርም። ሸማኔው ስንት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ያወጣውን አጣጣል አንድ ሰው በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልከዋል፤ በጣቁ ታትሞ ተመልሶ ይመጣል። ሌባው ማነው? የተሰረቀውስ ማነው? ሕግ የለም እንዳይባል የኢንዱስትሪያዊ ንድፍን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 123/1987 አለ፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም አለ። ሕጉ ግን «የኔ ነው» የሚል ሰው ይፈልጋል። «የባህላችን ነው» ብለን ስሙን ላጠፋንበት ሰው የትኛው ዳኛ ይፈርድለታል? የሁሉም የሆነ ነገር የማንም ነው፤ የማንም የሆነውን ደግሞ ፋብሪካ ይወስደዋል።

ሽሮ ሜዳን ገነት አድርጌ እየሣልኩ እንዳይመስላችሁ። ከጋሞ ደጋ «ትምህርት ቤት ትገባለህ» እየተባሉ መጥተው ከመወርወሪያው ጋር የታሰሩ ሕፃናት ታሪክ በየጊዜው ተጽፏል፣ ተጠንቷል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ ልጅነታቸውን የጨረሱ አሉ። ይህም የስም ማጣት ውጤት ነው ባይ ነኝ። የሠሪው ማንነት በማይጠየቅበት ገበያ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጣት ከአዋቂ ጣት አይለይም። «ማን ሠራው?» የሚለው ጥያቄ የሐያሲ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ የሕሊናም ጥያቄ ነው።

ደግሞም ጥለት ሁሉ አያምርም። እንናገረው እንጂ! ሆድ ከደረት፣ ጀርባ ከእጅጌ በብልጭልጭ ክር ተሞልቶ ዓይን የሚያሳርፍበት ነጭ ቦታ ያጣ ቀሚስ ስንቱ ሠርግ ላይ አየን። የጥሩ ሸማ ምስጢሩ ነጩ ነው፤ ጥለቱ የሚናገረው ነጩ ዝም ሲልለት ነው። ይህን የሚል ሰው የለም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ውዳሴ ጠግቧል፤ በየበዓሉ በቴሌቪዥን ይዘፈንለታል። የጎደለው ሥራውን ከሥራው ለይቶ «ይህ አዲስ ነው፣ ይህ የአምናው ድጋሚ ነው፣ እዚህ ጋ ቀለሙ በዝቷል» የሚለው ዓይን ነው። ለልቦለድ ጸሐፊ የምናደርገውን ለሸማኔ መንፈጋችን ከንቀት አይሻልም።

እንግዲህ ከስድስት ኪሎው ቤት የሚጠበቀው ተራራ መግፋት አይደለም። እዚያው ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ እደ ጥበብ በሕዝብና በአካባቢ ስም የሚታይበት። ያ እንደ ባህል ጥናት ትክክል ነው፤ ይቀመጥ። የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ግን ሌላውን ግማሽ ይሥራ። አንድ ክፍል ለአንድ ወር ይልቀቅ። ዛሬ በሕይወት ያሉ፣ ዛሬ አዲስ አጣጣል የሚያወጡ አምስት ወይም ስድስት ሸማኔዎችን ይምረጥ። ሥራቸውን ይስቀል፤ ጎኑ ካርድ ይለጥፍ። ስም፣ ዓመት፣ ጥጥ፣ ሐር። የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ይምጡና ይከራከሩበት። ሸማኔዎቹም ይምጡ፤ ሲተቹ ይስሙ፣ ይመልሱ። ያቺ ካርድ ነገ ፍርድ ቤት ማስረጃ ትሆናለች፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ለልጅ ልጅ የምትነገር ታሪክ።

አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ መካከል ያለው መንገድ የታክሲ ወያላ ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ የሚደረስበት ነው፤ ድሩ ተዘርግቷል፣ ማጉ ነው የጎደለው። እስከዚያው ድረስ አንባቢ አንድ ነገር በእጁ አለ። በሚቀጥለው በዓል ሽሮ ሜዳ ወርዶ ነጠላ ሲገዛ ዋጋ ከመከራከሩ በፊት ባለሱቁን ይጠይቅ፦ «ጥለቱን የሠራው ማነው?»

ቸር እንሰንብት።