ቀዳዳ ያለው ብራና

ገፋፊው ቢላዋውን ትንሽ ያዘነበለ እንደ ሆነ ቆዳው ላይ የምትቀረው ጭረት ወዲያው አትታይም። ቆዳው ውኃ ውስጥ ሰንብቶ ከወጣ በኋላ፣ ዙሪያውን በጠፍር እየተሳበ መወጠሪያው ላይ ሲታሰር ነው አፍ የምታወጣው። ፀሐይ ሲነካት ደግሞ ትሰፋለች። ብራና ፋቂ ዕድሜ ልኩን ከዚህች ቀዳዳ ጋር ይኖራል። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ መጽሐፉ ግን የእርሱ ነው።

የምሠራበት ራቤል ደጋ ነው። በመንዝና በግሼ የበጉ ጠጉር ባና ሆኖ ከብርዱ ያድነናል፤ ለመጽሐፍ ግን የፍየል ቆዳ ስለምመርጥ ከቆላው እስኪወጣልኝ እጠብቃለሁ። አንድ ፍየል የሚሰጠው ጥቂት ቅጠል ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ወጣበት ተብሎ ቆዳ አይጣልም።

ጭረቷ ገና በእርጥቡ ከተገኘች መላ አላት። ሥጋውና ስቡ ሲፋቅ እጅ ያገኛታል፤ ያን ጊዜ በቀጭን ጅማት ሁለቱን ከንፈር አገናኝቶ መስፋት ነው። ቆዳው ስፌቱን እንደያዘ ይደርቃል። በአሮጌ መጻሕፍት ላይ እንዲህ ያለውን ስፌት ዓይን ቢስተው እንኳ ጣት አይስተውም። ከደረቀ በኋላ መስፋት ግን ብራናውን ያጨማድደዋል፤ እኔ አልወደውም። ክፍቱን ትቼ ጠርዙን አለሰልሳለሁ። ስጽፍም ቃሉን እስከ ቀዳዳዋ አፍ አደርስና ዘልዬ ከማዶ እቀጥላለሁ። በቀዳዳዋ የቀጣዩ ቅጠል ፊደል አጮልቆ ይታያል። ካህኑ በጧፍ ብርሃን ሲያነብ ያን ባዕድ ፊደል ከቃሉ ጋር እንዳያጣብቀው ዙሪያዋን በቀጭን ቀይ መስመር እከባታለሁ።

የፊደል ስሕተት ሌላ ነገር ነው። እርሱ በቢላዋ ጫፍ ይፋቃል፣ ቦታው ይለሰልሳል፣ በላዩ ይጻፍበታል፤ ውሎ ሲያድር የት እንደ ነበረ ለማወቅ ያስቸግራል። ተማሪዎቼ ንስሐም እንዲሁ ይመስላቸዋል፤ ተፍቆ የጠፋ። በእግዚአብሔር ዘንድ በደሉ ይቅር ይባላል፤ ይህን አምናለሁ። ያስከተለው ነገር ግን በምድር ላይ ይቀራል። የሞተ ሰው አይነሣም፣ የባከነ ወጣትነት አይመለስም። አጀማመሩ እንዲህ ለተበላሸ ሰው ተስፋው ምን ዓይነት እንደ ሆነ የገባኝ ተአምረ ማርያምን ስገለብጥ ነው።

መጽሐፉ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ አዘዙ። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት እሳቸው ናቸውና የሸዋ ጸሐፊ መጽሐፉን ከቤቱ ይቆጥረዋል። የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ የዚሁ ነው። 78 ነፍስ የበላው ሰው በጥም ለተቃጠለ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ነፍሱ ሚዛን ላይ በቀረበች ጊዜ ያቺ ውኃ መዘነችለት።

ብዙ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ጥርኙን ውኃ ይይዝና 78ቱን ይተዋል። አንዳንዱም «እንግዲያ የፈለግሁትን ብሠራ ምን ቸገረኝ» እስከ ማለት ይደርሳል። ይህ ያሳዝነኛል። መጽሐፉ የሞቱትን ቆጥሮ ጽፏል፤ ምሕረቱ ሲመጣም ቁጥሩን አልፋቀውም። በ4ኛው መቶ ዘመን በአስቄጥስ የመነኮሰው ሙሴ ጸሊም ወንበዴ ነበር። ብዙ መነኮሳትን ያፈራ አባት ከሆነ በኋላም ስንክሳሩ ሰኔ 24 ሲያነሣው ውንብድናውን አይሸሽግለትም። ቀዳዳው ባለበት አለ፤ ጽሑፉ ግን ከማዶ ቀጥሏል። ክርስቲያን ተስፋ የሚያደርገው ይህን ይመስለኛል፤ ከዚህ ያነሰውን ወይም ከዚህ የቀለለውን ለማንም ማስተማር አልፈልግም።

በየተአምሩ መግቢያ ላይ የአጻፊው የክርስትና ስም ይገባል፤ እመቤታችን በጸሎቷ እንድትጠብቀው። አንድ ጊዜ ተአምረ ማርያም ያጻፈኝ ሰው ደም ያለበት ነበር። ከሟቹ ወገኖች ጋር በሽማግሌ ታርቆ፣ ካሣውን ከፍሎ፣ ከንስሐ አባቱም ቀኖናውን ተቀብሎ ፈጽሟል። ጥራዞቹ ገና ሳይሰፉ መጣና የበላዔ ሰብእን ቅጠል እንዳሳየው ለመነኝ። ማንበብ አይችልም።

«የኔታ፣ ቁጥሩን አላሳነሱትም?» አለኝ።

ላይና ታቹ የተሰመረበትን ፸፰ በጣቴ አሳየሁት።

«ስሜስ የት ነው?»

የስሙ ቦታ ባዶ ነበር፤ በቀይ የሚጻፈውን መጨረሻ ላይ ነው የምሞላው። ይህን ስነግረው ወንበር ሳብ አድርጎ ተቀመጠ። «እንግዲያውስ የዚህን ቅጠል ስም እያየሁ ይጻፉልኝ» አለ። የቀዩን ቀለም ቀንድ ከፍቼ ብርዕ ነከርሁና የክርስትና ስሙን ጻፍሁለት።