የ1928 ዓ.ም. ካሜራ፦ ላይካ፣ ፌድ፣ ኪየቭና የመቐለ ምስሎች

በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመቐለ በስተደቡብ ሕንጣሎ ላይ ሰፍሮ ነበር። አብረው የተጓዙት የእንግሊዝ መሐንዲስ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ምስል የሚቀርጹት በመስታወት ላይ ነው፤ መስታወቱ ኬሚካል ከተቀባ በኋላ ሳይደርቅ መነሳትና እዚያው ድንኳን ውስጥ መታጠብ ነበረበት። ከዚያ ዘመቻ የቀሩልን ምስሎችም ዝም ብለው የጠበቁ ነገሮች ናቸው፦ ተራራ፣ የጦር ሰፈር፣ ተደርድሮ የተቀመጠ ሰው። በጥቅምት 1928 መጨረሻ የፋሺስት ጦር መቐለ ሲገባ ግን ካሜራ የኮት ኪስ የሚችለው ዕቃ ሆኗል። የሪቻርድ ፓንክረስትና የዴኒስ ዠራር የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ታሪክ እ.ኤ.አ. 1935 ላይ ያበቃል፤ ትንሿ ካሜራ በወራሪው ወታደር እጅ በብዛት የገባችው ልክ ከዚያ በኋላ ነው። መሣሪያው ራሱ ሊመረመር ይገባዋል የምለው ለዚህ ነው።

ላይካ የተወለደችው ዌትዝላር ውስጥ፣ በኤርነስት ላይትዝ የማይክሮስኮፕ ፋብሪካ ነው። ኦስካር ባርናክ የሲኒማ ፊልም ተጠቅሞ የሠራት ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1925 ላይፕሲግ ላይ ለሕዝብ ቀረበች፤ በ1932 ደግሞ ከሌንሱ ጋር የተያያዘ ርቀት መለኪያ ተጨመረላት። አንሺው በትንሿ መስኮት ሲያይ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታየዋል፤ ሁለቱ ምስሎች እስኪገጥሙ ሌንሱን ያዞራል፣ ሲገጥሙ ይጫናል።

ፎቶግራፍ አንሺው አልፍሬድ አይዘንሽቴት እ.ኤ.አ. በ1935 ኢትዮጵያ የመጣው ይህችኑ ካሜራ ይዞ ነው። ካነሳቸው ሁሉ ጎልቶ የወጣው የአንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ባዶ እግር ነው፤ ጨርቅ የተጠመጠመበት ቅልጥም፣ የተሰነጣጠቀ ውስጥ እግር። ተሸክመው በሚያቆሙት የመስታወት ካሜራ እንዲህ ያለ ምስል አይታሰብም፤ አንሺው ዝቅ ብሎ፣ ቀርቦ፣ ቀልጥፎ ነው ያገኘው። ያው ቅልጥፍና ግን ወታደሩን ፊትና ስም አሳጣው። ምስሉ ድህነቱን ሲነግረን ተዋጊነቱን አስቀርቶበታል፤ ድንቅ ፎቶግራፍ መሆኑን ባምንም ይህ ቅር ይለኛል።

በዚያው ሰሞን ካርኮቭ ውስጥ፣ አንቶን ማካሬንኮ ለዓመታት በመራው የጉልበት ኮምዩን፣ ወላጅ አልባ ወጣቶች የላይካን ቅጂ ይሠሩ ነበር። ኮምዩኑ በሶቪየት የምስጢር ፖሊስ መሥራች በፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዢንስኪ ስም የተሰየመ በመሆኑ፣ ካሜራው የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ይዞ «ፌድ» ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1934 በብዛት መመረት ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንዱ ፌድ ሌንስ ለሌላው አይሆንም ነበር፤ እያንዳንዱ ከገዛ ካሜራው ጋር ተስተካክሎ የተገጠመ ነውና። ዛሬ የጀርመን ጦር ምልክት ተቀርጾባቸው «ላይካ» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ ፌድ ወይም ታናሹ ዞርኪ ናቸው። ሌንሱ ተፈትቶ ወደ ውስጥ ሲታይ ይለያል፦ ርቀት መለኪያውን የሚገፋው ክንድ ጫፍ ላይካ ላይ ክብ ተሽከርካሪ ነው፤ በሶቪየቶቹ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሾጠጥ ያለ ብረት ነው።

ፌድን ቅጂ ማለት ያስኬዳል። ኪየቭ የተባለውን የሶቪየት ካሜራ ግን እንዲሁ በደፈናው ቅጂ ማለት አያስኬድም። የድሬዝደኑ ዛይስ ኢኮን የኪየቭ መነሻ የሆነችውን ካሜራ፣ ሁለተኛዋን ኮንታክስ፣ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ከመቐለ በስተደቡብ አምባ አራዶም ላይ ውጊያ የተደረገበት ዓመት። የርቀት መለኪያዋ ስፋት 90 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የላይካን ከእጥፍ በላይ፤ መጋረጃዋ በሐር ጥብጣብ የተያያዙ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። ድሬዝደን እ.ኤ.አ. በ1945 በቦምብ ከወደመች በኋላ ሶቪየቶች የኮንታክስን ማምረቻና መለዋወጫ በጦር ካሳ ስም ወደ ኪየቭ፣ ወደ አርሰናል ፋብሪካ ወሰዱ። በ1947 የወጡት የመጀመሪያዎቹ ኪየቮች ከጀርመን በመጡ ክፍሎች የተገጣጠሙ ናቸው። የዛይስ ዞናር ሌንስም ስሙ ተለውጦ «ጁፒተር» ሆነ። ይህ የተማረከ ፋብሪካ ታሪክ ነው፤ «ኦሪጅናል» እና «ቅጂ» የሚለው የሰብሳቢዎች ሚዛን ከቶ አይመዝነውም።

ሚዛኑ የሚሰውረው ሌላም ነገር አለ። አርሰናልም ሆነ ዞርኪን የሠራው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ ለጦር ኃይሉ የዕይታ መሣሪያ አምራቾች ነበሩ፤ ላይትዝና ዛይስም ለጀርመን ጦር ሠርተዋል። በ1977 ዓ.ም. የሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላኖች ከመቐለ ሰፋሪዎችን እየጫኑ ወደ ደቡብ ምዕራብ ሲያመላልሱ፣ ኪየቭ የኮንታክስን የእ.ኤ.አ. 1936 መልክ ሳይለቅ ገና እየተመረተ ነበር።

ለተመራማሪ ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው የፊልሙ ጠባይ ነው። የላይካ ፍሬም 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው፣ አንድ ጥቅልም 36 ምስል ይይዛል። ከጣሊያን ወታደር አልበም የወጣ የ1928 ዓ.ም. የመቐለ ፎቶ ሳይቆረጥ ቁመቱና ስፋቱ ሁለት ለሦስት ከሆነ፣ ከእንዲህ ያለ ጥቅል የመጣ መሆኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ያን ጊዜ ጥያቄው በምስሉ ላይ ስላሉት ሰዎች ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ በዚያው ፊልም ላይ ከፊቱና ከኋላው ምን እንደተነሳ፣ ለኅትመት ወይም ለአልበም ይህ ተመርጦ ሌሎቹ ለምን እንደቀሩ መጠየቅ ይቻላል።