አስተያየት በአንድ አንቀጽ

በዋግ፣ በሰቆጣ ዙሪያ፣ ፍየል ማርባትና የተራቆተን ተራራ ከልቅ ግጦሽ መከለል ብዙ ያከራክራሉ። ተማሪ በአንድ አንቀጽ «ተራራው ይከለል» ብሎ አቋሙን ሲያስቀምጥ፣ አፈሩ እንደሚድን፣ ሣሩም ታጭዶ ለፍየሎቹ እንደሚቀርብ ሲያስረዳ፣ መኖ የሚያጥረውን ጎረቤቱንም ሲያስብ፣ ያቺ አጭር አንቀጽ ስሜትን በምክንያት ታጸናለች። አድናቆቴም አስተያየትን በአንድ አንቀጽ መጻፍን ለሚያስለምደው ትምህርት ነው።

«ልጅ መጀመሪያ ዕውቀት ይቅሰም፤ አስተያየቱ ይደርሳል» የሚሉ አሉ። ዕውቀት መቅደሙ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስለ ፍየልና ግጦሽ የዋግ ልጅ ዕውቀት አያንሰውም፤ የሚያስፈልገው ዕውቀቱን በቅደም ተከተል የማቅረብ ልምምድ ነው። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በብሔረሰቦች ቋንቋ ለማስተማር መፍቀዱም በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና አፉን ለፈታ ልጅ የዚህን ልምምድ በር ከፍቷል። ምክንያቱን መጻፍ የለመደ ልጅ ነገ በቀበሌ ስብሰባ የሚደመጥ፣ ሌላውንም የሚያደምጥ ዜጋ ይሆናል።